አልወርድ ያለ ጉርሻ



የሴሚስተሩ ፈተና ሊያልቅ ነው፤ ሁላችንም ወደየአገር ቤታችን ልንበተን ነው። ቤት ስንገባ ናፍቀውን የሚጠብቁን አያቶች ያሉን ብዙዎች ነን። በዚህ እትም ልንጽፍላችሁ የወደድነው ከእነሱ ጋር አንድ ገበታ ላይ ስንቀመጥ ልናየው ስለምንችል፣ እነሱ ግን ብዙ ጊዜ ስለማይነግሩን ነገር ነው፦ ምግብ አልዋጥ ስለ ማለቱ።

"እኛ" የምንለው በአንድ ቤት ያደግን ሦስት የልጅ ልጆች ነን። ጠዋት መድረሳ ቀርተን ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት እየሄድን ያደግን ነን። ዛሬ ሁለታችን እዚህ ግቢ ሜካኒካል ምህንድስና እንማራለን፣ ታናሽ እህታችን ደግሞ ገና 12ኛ ክፍል ናት። ከመካከላችን ሐኪም የለም። የምንነግራችሁ በቤታችን የደረሰውን፣ ሐኪሞች ቁጭ አድርገው ያስረዱንንና ከዚያ በኋላ ከጀመዓችን የሕክምና ተማሪዎች ጋር ሆነን ያነበብነውን ነው።

አያታችንን አባባ እንላቸዋለን። 72 ዓመታቸው ነው። ደቡብ ወሎ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ዳር ይኖራሉ፤ ኢማሙ ባልኖሩ ጊዜ የሰፈሩን ሰው የሚያሰግዱት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ዓመት ለእረፍት ስንገባ ሦስት ነገር አየን። አንደኛ፣ አባባ ከእያንዳንዱ ጉርሻ በኋላ ውሃ ይጎነጫሉ። ሁለተኛ፣ በምግብ መሐል ቀና ብለው ይቆማሉ፣ ትከሻቸውን ወደ ኋላ ይለጥጣሉ፣ ትንሽ ቆይተው ይቀመጣሉ። ሦስተኛ፣ ሁላችንም ከአንድ ትሪ ስለምንበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅምና፣ ገና ሩቡ ሳይነካ "ጠገብኩ፣ እናንተ ብሉ ልጆቼ" ይላሉ። የቤቱ ሰው ይህን የአባት ርኅራኄ ነው ብሎ ይመርቃቸው ነበር። ቀበቷቸው ግን ሁለት አዲስ ቀዳዳ ተበስቶለታል።

ከሁሉም የከበደን አራተኛው ነው። አባባ መስጊድ መሄድ ቀንሰዋል፤ አሰግዱን ሲባሉም "ወጣቶቹ ያሰግዱ" ይላሉ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም ነበር። ታናሽ እህታችን አንድ ማታ ብቻቸውን ስታገኛቸው ጠየቀቻቸውና ነገሯት፦ ሱጁድ ሲወርዱ የበሉት ወደ አፋቸው ይመለሳል። ውዱኣቸው ጠፋ አልጠፋ እያሉ ይጨነቃሉ፤ የመስጊዱን ምንጣፍ አበላሻለሁ ብለው ያፍራሉ። ከኋላቸው ሰው ቆሞ ይህ እንዳይደርስባቸው ብለው ነው የቀሩት። "የሚመለሰው ምን ዓይነት ነው አባባ፣ ይኮመጥጣል?" ብላ ጠየቀቻቸው። "የለም ልጄ፣ እንደበላሁት ነው፤ የምሳው እንጀራ ለመግሪብ እንደ እንጀራ ይመጣል" አሏት። ይህች አንዲት መልስ ኋላ ላይ ሐኪሙ ከሁሉም በላይ የያዛት መልስ ሆነች።

ወደ ሐኪሙ ከመድረሳችን በፊት ግን ሰዉ ሁሉ የየራሱን ፍርድ ሰጥቶ ነበር። አንዷ ጎረቤት ቡዳ ነው አሉ። ሌላው እንጥል ወርዶ ነው፣ ይቆረጥላቸው አሉ። በአቅራቢያው ያለ አንድ ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ ለወራት የቃር መድኃኒት ሰጣቸው። አልተሻላቸውም። ከዚያ አንድ የጤና ባለሙያ ዕድሜያቸውንና ክሳታቸውን አይቶ፣ ምንም ምርመራ ሳይደረግ፣ "ይህ የጉሮሮ ካንሰር ነው፤ ሽማግሌ አታንከራቱ፣ ቤት ወስዳችሁ አስታሙ" ብሎ መለሳቸው። አጎታችንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተስፋ ቆረጡ። አዲስ አበባ ይሂዱ ስንል፣ "በሬ ሸጦ ሞትን መንገድ ላይ መገናኘት ነው" አሉን።

የባለሙያው ግምት ከሜዳ የመጣ አልነበረም። በአገራችን፣ በተለይ በአርሲና በባሌ አካባቢ፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት የሚታይ በሽታ ነው። አንድ በዕድሜ የገፋ ሰው አዲስ የመዋጥ ችግር ሲመጣበት፣ ክብደቱም ሲቀንስ፣ ሐኪም መጀመሪያ ማሰብ ያለበት ካንሰርን ነው። ስለዚህም ነው በዚህ ዕድሜ አልዋጥ ማለት በቃር መድኃኒት እየታለፈ የማይቆየው፤ በካሜራ ወደ ውስጥ የሚታይበት ምርመራ፣ ኢንዶስኮፒ የሚባለው፣ በፍጥነት መደረግ አለበት። ነገር ግን ማሰብና መፍረድ አንድ አይደሉም። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ነገር ሁልጊዜ የሚያጋጥመው ነገር አይደለም፤ ሳይታይ "ካንሰር ነው" የተባለ ሰው ደግሞ ሊድን ከሚችል በሽታ ጋር ቤቱ ተቀምጦ ሊራብ ይችላል።

እኛ በክፍላችን አንድ ማሽን ሲበላሽ መጀመሪያ የምንማረው አለመፍታትን ነው። መጀመሪያ ይጠየቃል፦ መቼ ጀመረ፣ በየትኛው ጭነት ይቆማል፣ እየባሰ ነው ወይስ ይመጣል ይሄዳል? የምግብ ቧንቧም ለዚህ ዓይነት ጥያቄ የተመቸ ሆኖ አገኘነው። በአዋቂ ሰው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የጡንቻ ቱቦ ነው። ከላይና ከታች እንደ ቫልቭ የሚከፈቱና የሚዘጉ ጡንቻዎች አሉት። መሐሉ ደግሞ ራሱ ፓምፕ ነው፤ የዋጥነውን ከላይ ወደ ታች እየጨመቀ ከ8 እስከ 10 ሰከንድ በሚሆን ጊዜ ጨጓራ ያደርሰዋል። የምግብ መውረድ የስበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጤነኛ ሰው ጭንቅላቱ ከሆዱ ዝቅ ብሎ እንኳ የዋጠው ውሃ ወደ ጨጓራው ይወጣል። ሱጁድ ላይ ሆነን ቁርሳችን የማይመለሰው የታችኛው ቫልቭ ስለሚዘጋና በቧንቧው ውስጥ የቀረ ምግብ ስለሌለ ነው። ሱብሓነላህ፣ በቀን ስንት ጊዜ እናደርገዋለን፣ አንድም ቀን አስበነው አናውቅም።

ሐኪሞቹ የጠየቁን ጥያቄዎች በአራት ይጠቃለላሉ። ወንድሞችና እህቶች፣ እነዚህን ያዟቸው።

የመጀመሪያው፣ ችግሩ መዋጥ በመጀመር ላይ ነው ወይስ ከተዋጠ በኋላ? ሰውዬው ለመዋጥ ሲሞክር ትን የሚለው፣ የሚያስለው፣ ውሃው በአፍንጫው የሚመለስ ከሆነ ችግሩ ከላይ፣ አፍና ጉሮሮ አካባቢ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የነርቭ ወይም የጡንቻ ነው። ስትሮክና ፓርኪንሰን የታወቁት ምክንያቶች ናቸው። በደንብ ውጦ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ደረቱ ላይ የሚቆምበት ከሆነ ግን ችግሩ ቧንቧው ውስጥ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ሰውዬው በጣቱ የሚያሳየው ቦታ ሁልጊዜ ትክክለኛው አይደለም። ከታች የተዘጋ ነገር ጉሮሮ ላይ እንደቆመ ሆኖ ሊሰማ ይችላል።

ሁለተኛው፣ ጠጣር ነው ወይስ ፈሳሽም? ይህ ለእኛ በጣም የገባን ጥያቄ ነው። ቧንቧ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀረው ትልቁ ነገር ነው። የውስጥ ስፋቱ ከ13 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ሥጋና ደረቅ እንጀራ መቆም ይጀምራሉ፤ ውሃ ግን ይወርዳል። ጥበቱ እየጨመረ ሲሄድ ገንፎው፣ ቀጥሎ ሾርባው፣ በመጨረሻ ውሃው ይቀራል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውሃም እንጀራም እኩል የሚያስቸግር ከሆነ ግን፣ ቧንቧው አልጠበበም፣ ፓምፑ ወይም ቫልቩ ነው የተበላሸው ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ አካሄዱ እንዴት ነው? በጥቂት ወራት ውስጥ በፍጥነት የሚብስ ለካንሰር ያሳስባል። አልፎ አልፎ ብቻ፣ በተለይ ቸኩለው ሥጋ ሲበሉ የሚመጣ፣ በቧንቧው የታችኛው ጫፍ ያለ ስስ ቀለበት ሊሆን ይችላል። በዓመታት ቀስ ብሎ የሚሄድ ሌላ ነገር ነው።

አራተኛው፣ አብሮት ምን አለ? ክሳት፣ የድምፅ መጎርነን፣ የሌሊት ሳል፣ የዓይን ቆብ መውደቅ፣ የአንገት እብጠት፣ የሚወስዱት ኪኒን።

ብዙ ጊዜ የማይታሰቡት ምክንያቶች የሚገኙት በዚህ በአራተኛው ጥያቄ ነው። ከሕክምና ተማሪዎቻችን ጋር ስናነብ ያገኘናቸውን ጥቂቶቹን እንንገራችሁ፤ የማናችሁም ቤት ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉና።

በአንገታቸው ውስጥ ሲውጡ የመንቦቅቦቅ ድምፅ የሚሰማ፣ ትንፋሻቸው የተለወጠ፣ ከሰዓታት በፊት የበሉት ሳይፈጭ የሚመለስባቸው አዛውንት፣ ከጉሮሮ በስተኋላ የተፈጠረ ትንሽ ከረጢት ሊኖራቸው ይችላል። ጀርመናዊው ሐኪም ፍሪድሪሽ ፎን ዜንከር በ1877 ስለጻፈበት በስሙ ይጠራል። ምግቡም ኪኒኑም ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል። በወጣት ላይ ብርቅ ነው፤ የአዛውንት በሽታ ነው። ይህ ከተጠረጠረ ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ ካሜራው በስሕተት ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ እንዳይበሳው ይጠነቀቃል።

አንገታቸው የደረቀ፣ ወደ ኋላ ማየት የሚያስቸግራቸው፣ አንዳንዴም ስኳር ያለባቸው ሽማግሌ፣ ከአንገት አጥንታቸው ፊት ለፊት የበቀለ ትርፍ አጥንት የምግብ ቧንቧቸውን ከኋላ እየገፋው ሊሆን ይችላል። ይህን ለማየት ከጎን የተነሳ ተራ የአንገት ራጅ ብዙ ይናገራል። በአገራችን የተለመደው እንቅርትም እንዲሁ ነው፤ ከውጭ ብዙም ሳይታይ ከደረት አጥንት በስተኋላ ወደ ታች ካደገ ቧንቧውን ይጫነዋል።

ምግብ ሲጀምሩ ደህና የሆኑ፣ እየበሉ ሲሄዱ ግን መንጋጋቸው የሚዝል፣ ወደ ማታ የዓይናቸው ቆብ የሚወድቅ፣ ድምፃቸው በአፍንጫ የሚሆን አዛውንት ስትሮክ ነው ተብለው ሊታለፉ ይችላሉ። ግን ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባል፣ ነርቭ ለጡንቻ የሚያስተላልፈውን መልእክት የሰውነት የራሱ መከላከያ የሚያቋርጥበት በሽታ ሊሆን ይችላል። መለያው ድካሙ ነው፤ ሲያርፉ ይመለሳል፣ ሲሠሩበት ይዝላል። መድኃኒትም አለው። ሌላም አለ፤ ከ50 ዓመት በላይ ባሉ ሰዎች ላይ የሚመጣ የጡንቻ በሽታ ሆኖ ጭናቸውንና የጣቶቻቸውን መጨበጥ ቀስ በቀስ የሚያደክም። ከተሸሁድ ለመነሳት በእጃቸው መሬት የሚደገፉ፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቃታቸው፣ በዚያ ላይ መዋጥ የከበዳቸው ከሆነ "እርጅና ነው" ብላችሁ አትለፉት።

አንዳንዱ ደግሞ በተፈጥሮ አብሮ ተወልዶ በእርጅና የሚታይ ነው። ወደ ቀኝ እጅ የሚሄደው ደም ሥር በጥቂት ሰዎች ላይ መንገዱን ስቶ ከምግብ ቧንቧ በስተኋላ ያልፋል። አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳያውቁት ይኖራሉ። ደም ሥሩ በዕድሜ ሲደርቅና ሲሰፋ ግን ቧንቧውን መጫን ይጀምራል። እንግሊዛዊው ዴቪድ ቤይፎርድ ይህን በ1794 በጽሑፍ አውጥቶታል።

የመጨረሻውን በተለይ ለረመዷን ያዙት። አዛውንቶቻችን ሱሑር ላይ አዛን ሊል ሲል ኪኒናቸውን በአንዲት ጉንጭ ውሃ ውጠው ወዲያው ጋደም ይላሉ። ኪኒኑ ቧንቧው ላይ ተጣብቆ ሊያቆስለው ይችላል። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው የተለመደ አንቲባዮቲክ፣ የፖታሲየም ኪኒንና ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠው አለንድሮኔት በዚህ የታወቁ ናቸው። ድንገት የመጣ፣ ሲውጡ የሚያቃጥልና የሚወጋ ሕመም ከሆነ መጀመሪያ የሚወስዱትን መድኃኒት ጠይቁ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ኪኒን በሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ተቀምጦ ወይም ቆሞ፣ ከዚያም ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አለመተኛት። ሱሑርን ትንሽ ቀደም ማድረግ ነው።

ወደ አባባ እንመለስ። የእሳቸውን ነገር ለሳምንት በደብተር ጻፍነው። ምን በሉ፣ ምን ሲበሉ ቆመ፣ ውሃም ቆመ ወይ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ተመለሰ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ አሳላቸው። ገጹ ሲሞላ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ፦ ውሃም እንጀራም እኩል ያስቸግራቸዋል። ጠጥተው የሚገፉት ራሱ ውሃው ይቆማል፤ ውሃው ሲከማች ነው በክብደቱ ምግቡን ይዞ የሚወርደው። ቀና ብለው የሚቆሙትም ለዚህ ነው። ነገሩም የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ በሁለት ወር የመጣ አይደለም።

ደብተሩን ለአጎታችን አነበብንላቸው። "ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ እናንተ ምን ታውቃላችሁ?" አሉን። አባባ ግን እስከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ ነበርና፣ "አላህ ያስቀመጠው አጀል እንደሆነ እዚህም እዚያም ያው ነው፤ ሳልጠይቅ ልሙት ግን አላለኝም" አሉ። ነገሩ በዚያ አለቀ። በሬው አልተሸጠም፤ የሰፈሩ ጀመዓ አዋጣ፣ አጎታችንም ራሳቸው አጅበው ይዘዋቸው መጡ።

አዲስ አበባ ባለ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ወረፋ ጠበቅን። ሐኪሙ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አነበበው፤ ከዚያ "ያልኮመጠጠ" የሚለውን በእስክሪብቶ አሰመረበት። ከጨጓራ የሚመለስ ምግብ አሲድ ነክቶት ይኮመጥጣል። የአባባ ምግብ አለመኮምጠጡ ጨጓራቸው ጭራሽ አለመድረሱን ይናገራል ብሎ አስረዳን።

መጀመሪያ ኢንዶስኮፒ ተደረገ። ቧንቧቸው ሰፍቶ፣ ውስጡ የቆየ ምግብ ተኝቶበት ተገኘ። የታችኛው በር ተጨብጧል፣ ግን ካሜራው በትንሽ ግፊት አለፈ። ዕጢ አልታየም፤ ቢሆንም ናሙና ተወሰደ። ቀጥሎ ባሪየም የሚባለውን ነጭ ፈሳሽ እየጠጡ ራጅ ተነሱ። ምስሉን አሳዩን፦ ከላይ ሰፊ ሆኖ ወደ ታች ሲመጣ እንደ ወፍ መንቁር ይሾላል። ሐኪሙ አከላዚያ እንደሚባል ነገረን። በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ያሉ የነርቭ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ፓምፑ መጭመቅ ያቆማል፣ የታችኛው ቫልቭም ሲውጡ አልከፈት ይላል። ከ100,000 ሰዎች መካከል በዓመት አንድ ሰው ያህል ላይ ብቻ የሚታይ በሽታ ነው። ለማረጋገጥ ዋነኛው መሣሪያ የቧንቧውን ግፊት በየቦታው የሚለካው ማኖሜትሪ ነው፤ እሱ ግን በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም፤ ለአባባ ምስሉና ታሪካቸው በቂ ሆኖ ተገኘ።

ደስ ብሎን ልንነሳ ስንል ሐኪሙ አስቀመጠን። "በዚህ ዕድሜ አንድ ነገር ሳላጣራ አልለቃችሁም" አለ። ከጨጓራ መግቢያ ላይ የተደበቀ ካንሰር ልክ እንደ አከላዚያ መስሎ ሊመጣ ይችላል፤ በተለይ ሰውዬው በዕድሜ የገፋ ከሆነ፣ ችግሩ በወራት ውስጥ የመጣ ከሆነና ክሳቱ የፈጠነ ከሆነ። የአባባ ዝግታ ለአከላዚያ ያደላል፤ ግን ሲቲ ስካን ተነሱ፣ የናሙናውም ውጤት ተጠበቀ። ያቺን ሳምንት የማያውቅ ሰው "ውጤት መጠበቅ" የሚለውን ቃል ገና አልሰማውም። ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ መጣ፣ አልሐምዱሊላህ።

ሐኪሙ ከነገረን ታሪክ ሁለቱን እናካፍላችሁ። በ1674 እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ ይህ በሽታ ላለበት ሰው ከዓሣ ነባሪ አጥንት ጫፍ ላይ ስፖንጅ አስሮ ሰጠው፤ ሰውዬው በየማዕዱ ምግቡን በሱ እየገፋ ለዓመታት ኖረ። በ1913 ደግሞ ጀርመናዊው ኤርንስት ሄለር የተጨበጠውን ጡንቻ ከውጭ በኩል በመቁረጥ አከመ፤ ቀዶ ሕክምናው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እኛ ደግሞ ስናነብ ከሁለቱም በፊት የነበረ አንድ ሰው አገኘን፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በአንደሉስ የኖረው ኢብኑ ዙህር በአት ተይሲር መጽሐፉ ውስጥ በምግብ ቧንቧ ላይ ስለሚበቅል ዕጢ ጽፏል፤ መዋጥ ያቃተውንም ሰው በብር ቱቦ ስለመመገብ አንሥቷል። በመድረሳ ስሙን ሰምተን፣ በዩኒቨርሲቲ ሥራውን አገኘነው።

ለአባባ ሦስት መንገድ ቀረበ። ጡንቻውን በፊኛ መወጠር፣ በቀዶ ሕክምና መቁረጥ፣ ለቀዶ ሕክምና አቅም ለሌለው ደግሞ ጡንቻውን ለወራት የሚያላላ መርፌ። ልባቸውና ሳንባቸው ተመርምሮ ደህና ስለሆነ ቀዶ ሕክምናው ተመረጠ። ጡንቻው ሲቆረጥ በሩ ክፍት ስለሚቀር፣ የጨጓራ አሲድ ሽቅብ እንዳይመጣ የጨጓራው ጫፍ በከፊል ተጠቅልሎ እንደ መከላከያ ይሰፋል።

ዛሬ አባባ ፍርፍር ይበላሉ፣ ሥጋም በደንብ አላምጠው ይውጣሉ። ፓምፑ ግን አልተመለሰም፤ የሞተው ነርቭ አይነሳም። የተከፈተው በሩ ነው፣ ምግቡን የሚያወርደው ስበት ነው። ስለዚህ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ቀስ ብለው ይበላሉ፤ እራታቸውን ከመኝታ በብዙ ያስቀድማሉ፤ የአልጋቸውን ራስጌ በጡብ ከፍ አድርገንላቸዋል። አከላዚያ ያለበት ሰው ከዓመታት በኋላ በቧንቧው ላይ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ስለሚል ክትትላቸው አይቋረጥም። ረመዷንን በተመለከተም ሐኪማቸውን አስቀድመው፣ ሸኻቸውን አስከትለው ጠየቁ። በቀዶ ሕክምናው ዓመት ፈጥረው ቀዷቸውን ኋላ አወጡ፤ ለታመመ ሰው የተሰጠችውን ሩኽሳ መቀበልም ዒባዳ ነው ብለው ሸኹ አጽናኗቸው። ባለፈው ወር ስንደውል ዒሻን አሰግደው መግባታቸው ነበር።

እንግዲህ ወደ ቤት ስትገቡ ከአያቶቻችሁ ጋር ከአንድ ትሪ ብሉ፤ ስትበሉም አስተውሉ። ከሁሉ በኋላ የሚጨርስ፣ ለእያንዳንዱ ጉርሻ ውሃ የሚፈልግ፣ ሥጋ የተወ፣ ልብሱ የሰፋው ሰው አለ? ብቻውን ሆኖ እንዲመልስላችሁ በአክብሮት ጠይቁ፤ በሰው ፊት አይነግሩም። አራቱን ጥያቄዎች በደብተር ጻፉ። ቡናና ሻይ በጣም ትኩስ ሆኖ እንዳይጠጣ ምከሩ፤ ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥ ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጥ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 አሳውቋል። የበላው ፈጽሞ አልወርድ ብሎ ምራቁን እንኳ መዋጥ ያቃተው፣ ደም የተፋ፣ ወይም ድንገት አፉ ተጣሞ መዋጥ ያቃተው ሰው ካጋጠማችሁ ለነገ አትበሉ፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዱት።

"እርጅና ነው" የሚለው ቃል ምርመራ አይደለም። "ካንሰር ነው" የሚለውም ያለ ምርመራ ምርመራ አይደለም። ሰበብ ማድረስ በእኛ ላይ ነው፣ ሺፋው ከአላህ ነው። ደብተር ይዞ ወረፋ የሚጠብቅላቸው ሰው ያጡ አዛውንቶች በየሰፈራችን አሉ፤ የእኛ አያት ባይሆኑም የእኛው ናቸው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድ፣ አዛውንቶቻችንን በዓፊያ ያቆይልን። መልካም የእረፍት ጊዜ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።